በሰው አገር እንዴት ይዋላል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከእኔ በፊት የተናገሩት ባልደረቦቼ ስለ ድልድይ፣ ስለ ኮንክሪትና ስለ ግድብ ብዙ ቁም ነገር አስጨብጠውናል። እኔ ግን አዘጋጆቹ በሰጡኝ ፈቃድ ተጠቅሜ በስሌት ስለማይደረስበት አንድ ጉዳይ ልናገር እወዳለሁ። ይኸውም አንድ ባለሙያ ከአገሩ ርቆ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዓመት ሲቀመጥ ከሥራውና ከትምህርቱ የተረፈውን ጊዜ በምን ያሳልፈዋል? የሚለው ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ የጨዋታ ሊመስል ይችል ይሆናል። ጨዋታ አለመሆኑን ግን በራሴ ላይ ከደረሰው፣ ከዚያም ይበልጥ በአንድ ባልደረባዬ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የተወለድሁት በደቡብ ወሎ፣ በጃማ ወረዳ፣ ደጎሎ ነው። ከተማችን ከመርሐ ቤቴ ተነሥቶ የወንጪትን ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ወሎ ደጋ የወጣ መንገደኛ ዐረፍ የሚልባት ናት። ዙሪያዋ ሜዳ ነው፤ መሬቱም ዋልካ። ዋልካ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ይጨቀያል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚባለው «እንዴት ዋልህ?» ነው። ይህን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንለውና ሲባልልን ስላደግን ጥያቄ መሆኑን ረስተነዋል። ነገር ግን ጥያቄ ነው። ቀኑን ምን ስትሠራ፣ ከማን ጋር ሆነህ አሳለፍኸው? ማለት ነው።

በደጎሎ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚቸገር ሰው አላየሁም። በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም፤ ቀኑ ግን ባዶ አይውልም። ክርስቲያኑ ከቅዳሴ መልስ፣ ሙስሊሙ ከጁምዓ ሶላት መልስ የሚሄድበት አለው። የታመመ ይጠየቃል፤ ለቅሶ ይደረሳል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ የዕድር ሒሳብ ይታያል፤ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ይጠራል። ሥራ ፈት የሚባለው ሰው እንኳ ምን ስትሠራ ዋልህ ቢሉት ሦስትና አራት ጉዳይ ይቈጥራል። ማንም ሰው ዕረፍቱን በምን እንደሚያሳልፍ ቁጭ ብሎ ማሰብ አያስፈልገውም፤ ቀደምቶቹ አስበውለታል። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለው አነጋገር ራሱ በእናቴ ቤት የሚታወቅ አይደለም።

ወደ ሰው አገር የሄደ ሰው እንጀራ ያጣል፣ ዘመድ ያጣል፣ ፀሐይ ያጣል ይባላል። እውነት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌሎች አዘጋጅተው የሚያቈዩለትን ቀን ማጣቱ ነው። በአገሩ ሳለ ቀኑ የቆመባቸውን ምሰሶዎች አያያቸውም ነበር፤ የሚያውቃቸው ከሄደ በኋላ፣ ጣራው ሲዘምበት ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ጥቂት ዓመታት በመንገድ ሥራ ላይ ካገለገልሁ በኋላ፣ የውሃ ምሕንድስና ለማጥናት ወደ ኔዘርላንድስ፣ ዴልፍት ወደምትባል ከተማ ሄድሁ። በጠቅላላው የቆየሁት አራት ዓመት ሲሆን፣ ሁለቱ በትምህርት፣ ሁለቱ በሥራ ያለፉ ናቸው። ዴልፍት ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ52ኛው ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ የምትገባውም ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያስቸግረኝ ነገር አልነበረም፤ ትምህርቱ ከባድ ስለ ነበር ያስረሳል። ዓርብ ማታ በሬን ዘግቼ ከተቀመጥሁ በኋላ ግን እስከ ሰኞ ጧት አንድ ቃል ሳልናገር የከረምሁበት ጊዜ ብዙ ነው። በግድግዳዬ ላይ የቀን መቍጠሪያ ሰቅዬ ማታ ማታ ያለፈውን ቀን በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝ ነበር።

እሑድ እሑድ ለእናቴ ስልክ እደውላለሁ። «እንዴት ዋልህ ልጄ?» ትለኛለች። «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላታለሁ። «ምን ስትሠራ ዋልህ?» ትለኛለች፤ አንድ ነገር ፈጥሬ እመልስላታለሁ። በአንድ እሑድ ግን የምመልሰው አጣሁና ዝም አልሁ። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና፣ «አይ ልጄ፣ አንተስ አልዋልህም፤ ዋለብህ እንጂ» አለችኝ። ፊደል ያልቈጠረች ሴት የእኔን ችግር በአንዲት ፊደል ለውጥ ለይታ ነገረችኝ።

ከእኔ ክፍል በአንድ ግድግዳ በሚለይ ክፍል ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ባልደረባ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። በትምህርቱ ከሁላችን የሚበልጥ፣ ያልገባንን እኩሌታ ሌሊት ተቀምጦ የሚያስረዳን ሰው ነበር። በጥር ወር ከእኛ ጋር ምሳ መብላቱን ተወ። በየካቲት በሩ ሲንኳኳ አይከፍትም። እኔም ጥናት በዝቶበት ይሆናል እያልሁ አልፍ ነበር። በዘጠነኛው ወር ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሻንጣውን ላግዘው ክፍሉ ስገባ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቍጠሪያ አየሁ። እንደ እኔው በቀይ የተሰረዘ ነበር፤ መሰረዙ ግን ከሦስት ወር በፊት ቆሟል። ማለፉን እንኳ መቍጠር ትቶ ነበር ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሁለታችን መካከል የነበረው አንድ የጡብ ግድግዳ ብቻ ነው። ይህ ባልደረባዬ ዛሬ ደኅና ሆኖ በሙያው ይሠራል፤ ታሪኩን እዚህ እንድናገርም ፈቅዶልኛል። እኔ ግን በዚያ ቀን ክፍሌ ገብቼ የራሴን የቀን መቍጠሪያ አውርጄ ጣልሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያለ ዓላማ ከቤት ወጣሁ። በዴልፍት ከተማ «ዴ ሮስ» የሚባል ጥንታዊ የነፋስ ወፍጮ አለ። የባቡር መሥመሩን በምድር ውስጥ ለማሳለፍ ዋሻ በተቈፈረ ጊዜ ሕንፃውን በሞላው ወደ ላይ አንሥተው ከሥሩ አዲስ መሠረት ስለ ሠሩለት፣ እንደ መሐንዲስ ስሙን አውቀው ነበር። ገብቼ ግን አላየሁትም ነበር። በዚያ ቅዳሜ ክንፎቹ ሲዞሩ አይቼ ገባሁ። በውስጡ የሚሠሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በኔዘርላንድስ ነባሩ ሙያ ሊጠፋ ሲል እ.ኤ.አ. በ1972 የበጎ ፈቃደኛ ወፍጮኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ ወፍጮኛ ለመባል የሚፈልግ ሰው በልዩ ልዩ ወቅት ነፋሱን እያየ ተለማምዶ ፈተና ማለፍ አለበት። ይኸው ሙያ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡና ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ቀጥለውም «በአገራችሁ እህል በምን ይፈጫል?» አሉኝ።

በዚያ አገር ስምንት ወር ስቀመጥ እኔ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ናቸው። ስለ እናቴ ወፍጮና መጅ፣ ጤፍ እንዴት እንደሚፈጭ፣ ስለ ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ፣ በኋላም ስለ መጣው የሞተር ወፍጮ ነገርኋቸው። ወረቀት አምጥተው ሣልልኝ አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል ቅዳሜን የዋልሁት በዚያ ወፍጮ ነው። ጆንያ ተሸከምሁ፤ በክንፎቹ ላይ ሸራ መዘርጋትና መጠቅለል ተማርሁ፤ ሰማዩን አይቶ ነፋስ ሳይበረታ ክንፉን ማቆምን ለመድሁ። ፈተናውን አልወሰድሁም፤ ወፍጮኛም አልተባልሁም። ግን እሑድ ማታ እናቴ ምን ስትሠራ ዋልህ ስትለኝ የምነግራት አገኘሁ። እርሷም ስለ ወፍጮው ከእኔ ይልቅ የምትጠይቀው ነበራት፤ ድንጋዩን በምን ይወቅሩታል? ዱቄቱ ይግላል ወይስ አይግልም? እያለች ትመረምረኝ ነበር። ጥያቄዋን ለሽማግሌው አደርሳለሁ፤ መልሱን ወደ ደጎሎ እመልሳለሁ።

ከዚያ ወፍጮ ከሚመጡት ሰዎች አንዱ የአካባቢው የውሃ አስተዳደር ሠራተኛ ነበር። እንደምታውቁት ከኔዘርላንድስ መሬት ሩቡ ያህል ከባሕር ወለል በታች ነው። ውሃውን የሚቈጣጠሩት ከመንግሥት አስተዳደር የተለዩ፣ በሕዝብ ምርጫ የሚመሩ የውሃ ምክር ቤቶች ሲሆኑ፣ የዴልፍት አካባቢው «ዴልፍላንድ» የሚባለው ከ1289 ዓመተ እግዚእ ጀምሮ የኖረ ነው። ይህ ሰው በአንድ እሑድ በብስክሌት ይዞኝ ወጣና የእርሻ ቦዮችን አሳየኝ። ሜዳው እስከ ዐይን ማለቂያ በቦይ ተሰንጥቋል፤ በቦዮቹ መካከል ያለው መደብ ከፍ ብሎ ተሠርቷል። እኔ በዚያ ቆሜ የማየው የአባቴን ማሳ ነበር። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆን ዋልካ መሬት አለ። ብዙው ዝናሙ ሲበረታ ውሃ ስለሚይዝ ገበሬው ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ይዘራል፤ እስከዚያ ድረስ ባዶው መሬት ይታጠባል። ከእኛ በስተደቡብ፣ በሞረትና ጅሩ በእነዋሪ አካባቢ ግን ገበሬዎች ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዘው በእጃቸው መደብና ቦይ እየሠሩ ውሃውን ሲያጠነፍፉ የኖሩ ናቸው። የሆላንዱም የእነዋሪውም ገበሬ ዘዴ መሠረቱ አንድ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ ያገኘሁት በዚያ እሑድ ነው፤ ዛሬም የምሠራው በዚሁ በዋልካ ማጠንፈፍ ጉዳይ ነው።

ይህን የምናገረው የትርፍ ጊዜ ሁሉ ወደ ሙያ ትርፍ መለወጥ አለበት ለማለት አይደለም። ወደ ወፍጮው የሄድሁት የመመረቂያ ርእስ ፍለጋ አልነበረም፤ እንዲያ ብዬ ብሄድ ኖሮ ምናልባት ጆንያውን ባልተሸከምሁም ነበር። ለማለት የፈለግሁት፣ በሰው አገር የሚውል ሰው ቀኑን ሊያቆምለት የሚችለው አንድ ምሰሶ የዚያው አገር ሰው የሚሠራው፣ እርሱም እጁን የሚያስገባበት ሥራ መሆኑን ነው።

ከተመለስሁ በኋላ የአገራችንን ታሪክ ሳነብ፣ ይህ ጉዳይ ከእኛ ደጋ ሳይርቅ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የተፈተነ ሆኖ አገኘሁት። ከደጎሎ ወደ ሰሜን ብትሄዱ መቅደላን ታገኛላችሁ። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የነበሩት ሆርሙዝድ ራሳም፣ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክና መቶ አለቃ ፕሪዶ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1866 እስከ ሚያዝያ 1868 በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ታስረው የተቀመጡት በዚያ አምባ ላይ ነው። ራሳም ማለት ከዚያ በፊት በነነዌ ፍርስራሽ የጊልጋሜሽ ታሪክ የተጻፈባቸው የሸክላ ጽላቶች እንዲገኙ ያደረጉት የሞሱል ተወላጅ ናቸው። እግራቸው በሰንሰለት ታስሮ፣ የሚለቀቁበትን ቀን ሳያውቁ እነዚህ ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር? ዘር አስመጥተው አትክልት ይተክሉ ነበር። ብላንክ የአምባውን ሕመምተኞች ያክሙ ነበር። ከተፈቱም በኋላ ሁለቱም ያዩትን በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ ስለዚያ ዘመን የምናውቀው ብዙው ነገር በእነርሱ ብዕር የተረፈ ነው። የእስረኛን ኑሮ ከተማሪ ኑሮ ጋር ማስተካከሌ አይደለም። ሰንሰለት የታሰረው ሰው አትክልት ከተከለ፣ ብስክሌት ያለው ሰው ክፍሉን ዘግቶ የሚቀመጥበት ምክንያት ምንድር ነው? ለማለት ነው።

በዚያው ዘመን ደግሞ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሚኖሩ የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። አብዛኞቹ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነበር፤ ንጉሡ ግን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ከመካከላቸው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር አማርኛ ተምሮ፣ የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ በአገራችን ዐሥር ዓመት ያህል ኖሯል። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከጋፋት አንሥቶ በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች አሳልፎ ወደ መቅደላ ለማድረስ ከእ.ኤ.አ. 1867 መጨረሻ እስከ 1868 መጋቢት ድረስ የፈጀው የመንገድ ሥራ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ የሠሩበት፣ ለእኛ ሙያ የሚያኰራ ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ዋልድማየር ከአገሪቱ ወጥቶ ወደ ሊባኖስ ሄደ። በዚያም በብሩማና ትምህርት ቤት፣ ኋላም በአስፉሪዬ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል አቋቋመ። ከአንድ የሰው አገር ወደ ሌላ የሰው አገር ሲሄድ ይዞት የሄደው ነገር፣ ከአገሬው ጋር አብሮ መሥራትን ነው።

ከመቅደላ የተወሰዱ ሁለት ሕፃናትም አሉ። አንደኛው ልዑል ዓለማየሁ ነው። በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ከአንድ አሳዳጊ ወደ ሌላ አሳዳጊ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዘዋወር ኖረ፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ መቃብሩም በዊንዘር ነው። ምግብ አላጣም፤ ልብስ አላጣም። ሁለተኛው ሕፃን በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት ናቸው። እንግሊዛውያን መኰንኖች ወደ ሕንድ ወስደው አሳደጓቸው፤ ሕክምና ተማሩ፤ በበርማ ለብዙ ጊዜ ሠሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ ቋንቋቸውን ረስተውት ነበርና እንደ እንግዳ እንደገና ተማሩት። ከዚያም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ፤ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ። የሁለቱን ዕድል የለየው ብዙ ነገር ነው፤ አንዱን ብቻ መጥቀስ ድፍረት ይሆናል። በበኩሌ ግን አንደኛው በሄደበት ሁሉ እንግዳ ሆኖ ሲታይ፣ ሁለተኛው በሄዱበት ሁሉ የሚጠብቃቸው በሽተኛ እንደ ነበር ሳልገነዘብ አላልፍም።

ከዚህ ተነሥቼ በቅርቡ ወደ ውጭ አገር ለምትሄዱ ወጣት ባልደረቦቼ የምመክረው ጥቂት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የአገሬውን ቋንቋ ተማሩ። ገበያ የሚያስገባ፣ ሽማግሌ የሚያነጋግር ያህል ይበቃል። የተሳሳተ ሆላንድኛዬ ካስከተለብኝ ኀፍረት ይልቅ የከፈተልኝ በር ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ በዚያ አገር ብቻ የሚገኝ አንድ የእጅ ሥራ ያዙ። በአገራችሁም ልትሠሩት የምትችሉት ነገር አገራችሁን ያስናፍቃችኋል፤ በዚያ ብቻ የሚገኘው ግን ከቦታው ያስተዋውቃችኋል።

ሦስተኛ፣ የምታውቁትን ስጡ። ተቀባይ ብቻ ሆኖ መኖር ሰውን ያሳንሰዋል። እኔ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በዚያ አገር ለተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች በእሑድ ከሰዓት በኋላ ፊደል አስቈጥር ነበር። ሀ ሁ ሂን በደንብ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ፣ ጻፉ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን ድርሰታቸውን በ1900 ዓ.ም. ያሳተሙት በአገራቸው ሳይሆን በሮማ ነው። ሁላችን ደራሲ አንሆንም፤ ዛሬ ያየሁት ቦይ ስፋቱ ይህን ያህል ነው ብሎ በማስታወሻ መያዝ ግን ለመሐንዲስ አይከብድም።

አምስተኛና ዋነኛው፣ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። ካልከፈተላችሁ እንደገና አንኳኩ። እኔ አንድ ጊዜ አንኳኩቼ መመለሴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለ ስልክና ስለ ኢንተርኔትም አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ በሰው አገር ያለ ሰው ከጧት እስከ ማታ የአገሩን ወሬ ሲያይና ሲሰማ ሊውል ይችላል። አካሉ ዴልፍት ነው፤ ዐይኑና ጆሮው ደጎሎ። ከዘመድ ጋር መገናኘት በረከት ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ የሚውል ግን በሁለቱም አገር የለም። እንዲሁም የዕረፍት ቀን እንኳ ተከልክለው በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን መኖራቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ንግግሬ የጥጋብ ንግግር ይሆንብኛል። ትርፍ ጊዜን በምን ላሳልፍ ብሎ መጨነቅ ራሱ ዕድል ነው፤ ዕድል የደረሰውም ሰው ሊያባክነው አይገባም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልመለስ። በአገራችን መንገድና ግድብ የሚሠሩ ብዙ የውጭ አገር ባለሙያዎች አሉ። እኔ ገና ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ በአንድ የመንገድ ሥራ ሰፈር አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ሰፈራቸው በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ከሥራ መልስ ወደዚያ ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ሁለት ሦስት ዓመት እንደዚሁ ያልፋል። እኛም «ፈረንጆቹ ሰው አይወዱም» እያልን ከውጭ እንቀመጥ ነበር። ከእነርሱ መካከል አንድ ቀያሽ ብቻ በእሑድ ከአጥሩ ወጥቶ ከዘበኞቹ ጋር ገበጣ ይጫወት ነበር። ያስተማሩት ዘበኞቹ ናቸው፤ በኋላ ሁሉንም ያሸንፋቸው ጀመር። ውሉን ጨርሶ ሲሄድ የሸኙት እነዚያ ዘበኞች ናቸው፤ አንደኛው ከዛፍ የጠረበውን ገበጣ ስጦታ ሰጠው። እኔ ከዚያ ሰው ጋር ሁለት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ቡና ጠጣ ብዬ አልጠራሁትም። እንግዳ ተቀባይ ነን እያልሁ ነው ያደግሁት። ይህ ጥፋቴ የገባኝ በዴልፍት ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በየሥራ ቦታችን ያለውን እንግዳ «እንዴት ዋልህ?» እንበለው፤ መልሱንም ቆመን እንስማ። በአገሩ እህል በምን እንደሚፈጭ እንጠይቀው።

እኔም ዛሬ ማታ ወደ ደጎሎ እደውላለሁ። እናቴ ምን ስትሠራ ዋልህ ስትለኝ፣ ስለ መዋል ስንነጋገር ዋልን እላታለሁ።